የያፎ የሰዓት ማማ ሁለቱንም ሰዓት ያሳይ፦ ለቴል አቪቭ–ያፎ ማዘጋጃ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለቴል አቪቭ–ያፎ ማዘጋጃ ቤት፣ በተለይም የታሪካዊ ሕንፃዎችን ጥበቃ ለሚመለከተው ክፍል፤
እንዲሁም በያፎ ለምታልፉ አማርኛ አንባቢዎች ሁሉ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የፌት ጎዳና በሚጀምርበት አደባባይ ላይ ስለቆመው የያፎ የሰዓት ማማ ነው። ከማማው የሰዓት ገጾች ቢያንስ አንዱ፣ ማማው ሲሠራ ያሳየው ወደነበረው ከፀሐይ ግባት የሚነሣ አቆጣጠር እንዲመለስ፣ የአደባባዩም ታሪክ ምንም ሳይዘለል በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተጽፎ እዚያው እንዲቆም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሥራዬ ከኢትዮጵያ የሚመጡ ተሳላሚዎችንና እዚሁ ሀገር የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችን ማስጐብኘት ስለሆነ በዚህ ማማ ሥር ቆሜ ታሪክ መናገር የዘወትር ተግባሬ ነው። ጥያቄውን ያቀረብሁት ከዚሁ ሥራ ተነሥቼ ነው። በደብዳቤው ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ማማው ያን ጊዜ ይህን ምድር ይገዛ የነበረው የኦቶማን (የቱርክ) መንግሥት ገዥ የሱልጣን አብዱልሐሚድ 2ኛ መታሰቢያ ነው። ሱልጣኑ በ1876 ዙፋን ላይ ስለወጡ የንግሥናቸው 25ኛ ዓመት በግዛታቸው ሁሉ ሲከበር ከባልካን እስከ ሶርያ ድረስ ብዙ ከተሞች የሰዓት ማማ አቆሙ። በፍልስጤም ምድር ብቻ ሰባት ተሠርተዋል፤ እነሱም በያፎ፣ በኢየሩሳሌም፣ በሐይፋ፣ በአኮ፣ በጽፋት፣ በናዝሬትና በናብሉስ ያሉት ናቸው። የያፎው የመሠረት ድንጋይ በ1900 ተጥሎ ሥራው በ1903 ተጠናቀቀ። ሐሳቡን ያመነጨውና ያስተባበረው ዮሴፍ ቤይ ሞያል የተባለ የከተማዋ ታዋቂ አይሁዳዊ ሲሆን፣ ወጪውን ደግሞ የያፎ ነዋሪዎች አዋጥተውታል። ሰዓቱን የሠራው ሞሪትስ ሾንበርግ የተባለ ሰዓት ሠሪ ነበር። ስለዚህ የሙስሊም ሱልጣን መታሰቢያ በአይሁዳዊ አስተባባሪነት፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም በአይሁዱም ከተማ ውስጥ ቆመ ማለት ነው። ይህን ስናገር የሚገርመው ጐብኚ አለ። እኔ ግን የዚያን ጊዜዋን ያፎ ለሚያውቅ የሚያስገርም ሆኖ አይታየኝም፤ ወደብ ከተማ ስለነበረች ነጋዴውም፣ ቆንስሉም፣ ጀልባ ቀዛፊውም ከያለበት ተሰባስቦ የሚኖርባት ነበረች።

ለምን ሰዓት? ለምንስ እዚህ ቦታ? የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው የከተማዋ ሥራ ነው። ከያፎ ወደ ኢየሩሳሌም የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1892 ተከፍቷል፤ የእንፋሎት መርከቦች በቀጠሯቸው ይመጣሉ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሣጥን በላይ ብርቱካን ከዚህ ወደብ ይጫን ነበር። ባቡርና መርከብ ደግሞ ሰው አይጠብቁም። ሁለተኛውን የሚመልሰው የቅጥሩ መፍረስ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ አቡ ነቡት የተባለው ገዥ ከተማዋን በቅጥር አጥሮ፣ ከበሩ አጠገብ መሕሙዲያ የሚባለውን መስጊድ በ1812 አሠራ። ለመስጊዱ አዕማድ ከቂሳርያና ከአስቀሎና ፍርስራሽ ድንጋይ አምጥቷል። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ግን ቅጥሩ ይፈርስ ጀመር፤ ከተማዋም ወደ ውጭ ፈሰሰች። በቀድሞው በር ፊት ለፊት የነበረው ባዶ ስፍራ አደባባይ ሆነና በአንድ በኩል የኦቶማን ፖሊስና እስር ቤት፣ ማለትም ቂሽሌ፣ በሌላው በኩል ባለ ረጃጅም አዕማዱ አዲሱ ሰራያ፣ ማለትም የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ተሠሩበት። እንግዲህ ማማው የቆመው መስጊዱ፣ እስር ቤቱ፣ መንግሥትና ገበያው እርስ በርስ በሚተያዩበት መሐል ነው። ዛሬ ቂሽሌው ሆቴል ሆኗል፤ ሰራያውም ፊቱ ብቻ ቀርቶለታል። ከጀርባ ያለው የቁንጫ ገበያ የሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ግን እንደ ጥንቱ ይጮኻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ማማው ሲመረቅ ሁለቱ ገጾች የአውሮፓን ሰዓት፣ ሁለቱ ደግሞ የሀገሩን ሰዓት ያሳዩ ነበር። የሀገሩ ሰዓት መነሻው ፀሐይ ግባት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ልክ 12 ሰዓት ይሞላል፤ ከዚያ አንድ፣ ሁለት እየተባለ 12 ሰዓት ይቈጠራል፣ ከዚያም ሌላ 12፤ በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ዑደቱ ይዘጋል። ፀሐይ የምትጠልቅበት ጊዜ በየዕለቱ ስለሚሸሽ ሰዓቱ እየተከታተለ የሚያስተካክለው ሰው ያስፈልገው ነበር፤ በኦቶማን ከተሞች በትልልቅ መስጊዶች ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ጊዜ ጠባቂዎች ነበሩ። በያፎ ይህ ሽሽት ቀላል አይደለም። በዲሴምበር ፀሐይ 16:40 ገደማ ላይ ትጠልቃለች፤ በጁን መጨረሻ፣ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት በሚገፋበት በዛሬው የበጋ አቆጣጠር ስንቈጥር፣ 19:50 ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ የአውሮፓው ገጽ እኩለ ቀን 12 ላይ ሲቆም የሀገሩ ገጽ በዲሴምበር 7 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ በጁን ደግሞ 4 ሰዓት ከ10 ገደማ ያሳያል ማለት ነው። ከመርከብ የወረደው እንግዳ አንዱን፣ ለመግሪብ፣ ማለትም ለፀሐይ ግባት ጸሎት፣ የሚቻኰለው ሰው ሌላውን ያነብ ነበር። አንዱ ሌላውን «ተሳስተሃል» ሳይለው ሁለቱም በአንድ ማማ ሥር ያልፉ ነበር።

ይህን ነገር ለአውሮፓዊ ጐብኚ ማስረዳት ጊዜ ይፈጃል። ለኢትዮጵያዊ ግን ማስረዳት አያስፈልገውም። እኛ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ብለን የምንጀምር፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ቀኑን ዘግተን ሌሊቱን እንደገና ከአንድ የምንቆጥር ሰዎች ነን፤ የአውሮፕላን ትኬት ስንገዛ «በማን አቆጣጠር?» ብለን መጠየቅ ልማዳችን ነው። አንድ የፋሲካ ሰሞን ከመስጊዱ ግድግዳ አጠገብ ጥላ ላይ ቆመን ሳለ ማማው 10 ሰዓት ከሩብ ይል ነበር። ከተሳላሚዎቹ መካከል አንዲት አረጋዊት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ገለጥ አድርገው የእጅ ሰዓታቸውን አዩና፣ የእሳቸው 4 ሰዓት ከሩብ ስለሚል፣ «ልጄ፣ የእኔስ ደኅና ነው፤ የሚታከም ካለ ያ ላይ ያለው ነው» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። ቀጥዬ ግን ማማው ራሱ ድሮ ሁለት ዓይነት ሰዓት ያሳይ እንደነበር ስነግራቸው፣ ዝም ብለው ቀና ብለው ማማውን ሲመለከቱ ቆዩና «ታዲያ አንደኛውን ማን ወሰደው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የእኔ ደብዳቤ ከዚህ ጥያቄ የተሻለ ቃል የለውም።

ለእውነቱ ያህል፣ የእኛና የኦቶማኑ አቆጣጠር አንድ አይደሉም። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ በዓመቱ ውስጥ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ ስለዚህ ፀሐይን እየተከተሉ ሰዓት ማዞር ሳያስፈልገን ስድስት ሰዓት ጨምሮ ወይም ቀንሶ መኖር ተችሎናል። ያፎ ላይ ያለው ሰው ይህ ዕድል አልነበረውም። የኦቶማኑ ሰዓት እንዲጠፋ ከገፉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ድካም ይመስለኛል፤ ባቡር በየዕለቱ በሚሸሽ ሰዓት አይሄድምና። የቱርክ ሪፐብሊክ ራሷ በ1926 መጀመሪያ አቆጣጠሩን ትታ የአውሮፓውን ሰዓት ሕጋዊ አድርጋለች። ያፎ ግን ከዚያ ቀድማ፣ በኖቬምበር 1917፣ በብሪታንያ ጦር እጅ ወድቃ ስለነበር የሱልጣኑ ሰዓት ከሱልጣኑ መንግሥት ጋር አብሮ ሄደ።

ብሪታንያ በኢየሩሳሌም ያደረገችውን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በኢየሩሳሌም የያፎ በር አናት ላይ በ1908 ገደማ የተጠናቀቀ፣ እሱም ሁለቱን አቆጣጠሮች ያሳይ የነበረ የሰዓት ማማ ነበረ። አዲሶቹ ገዥዎች ከጥንቱ ቅጥር ጋር አይሄድም፣ መልኩን ያበላሸዋል በማለት በ1922 አፈረሱት። መልኩ ያማረ አልነበረም ይባል ይሆናል፤ ፎቶግራፉን ሳይ እኔም በመጠኑ እስማማለሁ። ነገር ግን ከማማው ጋር የፈረሰው የአንድ ዘመን የዕለት ኑሮ ነው፤ የጥንቱን ቅጥር ድንጋይ ጠብቆ የሩብ ምእተ ዓመት ዕድሜ እንኳ ያልሞላውን ሕንፃ ማፍረስ ጥበቃ ተብሎ ተጠራ። የያፎው ማማ ከዚህ ዕጣ ድኗል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲታደስ የሰዓቱ መሣሪያ ተቀይሮለታል፤ በመስኮቶቹም ላይ አርዬ ኮሬን የሠራቸው፣ የያፎን ታሪክ የሚያሳዩ ሞዛይኮች ገብተውለታል። ማዘጋጃ ቤቱ ማማውን ጠብቆ ማቆየቱ የሚያስመሰግነው ነው። ከሥራው የቀረው፣ በእኔ አስተያየት፣ ሰዓቱ ነው።

ስለ አደባባዩ ታሪክ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ከማማው ላይ በ1948 ለያፎ በተደረገው ውጊያ የወደቁትን እስራኤላውያን የሚዘክር ሰሌዳ አለ። ይህ ሰሌዳ ይነሣ የሚል ሰው አይደለሁም፤ የሞተ ሰው መታሰቢያ አይነሣም። ነገር ግን በዚሁ አደባባይ በኦክቶበር 27 ቀን 1933 የብሪታንያን የፍልሰት ፖሊሲ በመቃወም የወጡ ዐረቦች ላይ ፖሊስ ተኵሶ ብዙ ሰው ገድሏል፤ የቀድሞው የኢየሩሳሌም ከንቲባ አዛውንቱ ሙሳ ካዚም አል ሑሴይኒም በዚያ ቀን ተጐድተዋል። በጃንዋሪ 4 ቀን 1948 ደግሞ ሌሒ የተባለው የአይሁድ የትጥቅ ድርጅት ፈንጂ የሞላበት የጭነት መኪና ሰራያው አጠገብ አቁሞ ሕንፃውን ሲያፈርሰው ሲቪሎች አልቀዋል። ያፎ በሜይ 1948 እጇን ስትሰጥ ቀድሞ ወደ ሰባ ሺህ ይጠጉ ከነበሩት ዐረብ ነዋሪዎቿ የቀሩት ወደ አራት ሺህ ገደማ ነበሩ። በ1950 ከቴል አቪቭ ጋር ተዋሕዳ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ገባች። ዛሬ እነዚያን የሰራያ አዕማድ እያደነቀ ፎቶግራፍ የሚነሣ ጐብኚ ከአዕማዱ ጀርባ ሕንፃው ለምን እንደሌለ ሲጠይቀኝ እኔ እመልስለታለሁ። አስጐብኚ የሌለው ግን ራሱ ድንጋዩ ላይ አንብቦ መረዳት አለበት። እኔ የምጠይቀው ፍርድ እንዲጻፍ አይደለም፤ ቀንና ድርጊቱ ብቻ በግልጽ ይጻፍ። ሐዘንን በሐዘን ላይ መጨመር ሰሌዳውን አያጠብበውም።

«ሁለት ዓይነት ሰዓት ካለ ሰው ይደናገራል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሰው ዛሬ ሰዓት የሚያየው ስልኩ ላይ ነው፤ በማማው ቀጠሮ የሚያከብር አላጋጠመኝም። የቀሩት ገጾች የተለመደውን ሰዓት ያሳያሉ፤ በተለወጠው ገጽ ሥርም አንድ አጭር መግለጫ ከተጻፈ የሚደናገር አይኖርም፣ ቢደናገርም ቆሞ እንዲያነብ ያደርገዋል። የሥራው አካሄድም ከባድ አይደለም። በድሮው አሠራር አራቱ ገጾች በዘንግና በጥርስ መዘውር ከአንድ መሣሪያ ጋር ስለሚያያዙ አንዱን ለይቶ ማስኬድ አድካሚ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱን ገጽ በየራሱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ማንቀሳቀስ የተለመደ ነው፤ የያፎ የፀሐይ ግባት ሠንጠረዥ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ወደፊት ተሰልቶ የሚቀመጥ ነገር ስለሆነ መቆጣጠሪያው በየማታው ቆጣሪዎቹን ቢበዛ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ወደፊት ወይም ወደኋላ ይመልሳል። ጊዜ ጠባቂው ያደርገው የነበረውን ማሽን ያደርገዋል። የትኞቹ ገጾች የሀገሩን ሰዓት ያሳዩ እንደነበር ባለሙያዎቻችሁ ከድሮ ፎቶግራፎች መለየት ይችላሉ፤ ሁለት ገጽ አብረው በሚታዩበት ፎቶግራፍ ላይ ቆጣሪዎቹ የተለያየ ሰዓት ካሳዩ ነገሩ ያልቃል። ለእኔ ቢተው ወደ ባሕሩ የሚያየውን እመርጥ ነበር፣ ፀሐይዋ በዚያ በኩል ስለምትጠልቅ።

ሌላው ሊነሣ የሚችለው ክርክር የኦቶማንን ሰዓት መመለስ የአንድን ወገን ትዝታ ማንገሥ ነው የሚል ይሆናል። ፀሐይ ግባት ግን የማንም ወገን ንብረት አይደለችም። የአይሁድ ሰንበት ዓርብ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፤ የቤተ እስራኤል እናቶችም በጎንደር መንደሮቻቸው ሥራቸውን አስቀድመው ጨርሰው፣ እሳቱን አጥፍተው ይጠብቁት የነበረው ይኸንኑ ጊዜ ነው። በረመዳን በዚሁ በመሕሙዲያ መስጊድ ጾም የሚፈታው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በዓሉን የምትቀበለው ከዋዜማው ማታ ጀምራ ነው። በዚህ አደባባይ ከሚያልፉት ሰዎች አብዛኞቹ አሁንም በልባቸው ሁለት ሰዓት ይዘው ይኖራሉ፤ አንዱ የሥራ፣ አንዱ የጸሎት። ገጹ ሲመለስ እንግዳ ነገር የሚሆነው ለማን እንደሆነ እስኪ ይታሰብ።

አማርኛውን ስለ መጨመር ጥቂት ልበል። በዚህ ሀገር የጤናና የትምህርት ማስታወቂያዎች በአማርኛ ሲወጡ ቆይተዋል፤ ይህ መልካም ነው። ሆኖም አማርኛ የሚነበበው በክሊኒክ ግድግዳ ላይ ብቻ ከሆነ አማርኛ ተናጋሪው የሚታከምና የሚመዘገብ እንጂ ታሪክ የሚያነብ ሰው አይመስልም። ያፎ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለችም። መጽሐፍ ቅዱሳችን ኢዮጴ የሚላት፣ ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሊሸሽ መርከብ የተሳፈረባት፣ ጴጥሮስም በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ያረፈባት ከተማ ናት። በባሕር ወደ ኢየሩሳሌም ለሚመጣ ተሳላሚ ዋናዋ መግቢያ ይህች ወደብ ስለነበረች፣ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በኢየሩሳሌም በተሠራበት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዚህ የሚወርደው ሰው ብዙ ነበር። መርከቡ ከዓለቶቹ ወዲያ ርቆ ይቆማል፣ ሰውና ዕቃ በጀልባ ይወርዳል፤ ማዕበል ባለበት ቀን መውረዱ ራሱ ስእለት የሚያስገባ ነበር። ከእነዚያው ዓለቶች አንዱ እስከ ዛሬ የአንድሮሜዳ ዓለት ይባላል። የግሪኮች ተረት እንደሚለው አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ስትሆን፣ ለባሕር አውሬ ተሰጥታ ከዓለት ጋር የታሰረችው እዚህ ነው። የተረቱ ኢትዮጵያና የእኛ ኢትዮጵያ ምን ያህል አንድ እንደሆኑ ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ እኔ ግን ይህን ስነግራቸው ከጐብኚዎቼ ዓይኑ የማይበራ የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬን በተግባር ልዘርዝር። የጥበቃው ክፍል የማማውን የመጀመሪያ የሰዓት አሠራር አጥንቶ፣ አንድ ገጽ ለሙከራ ለአንድ ዓመት በፀሐይ ግባት አቆጣጠር እንዲያስኬድ እጠይቃለሁ። አንድ ዓመት ያልሁት የፀሐይዋ ሽሽት ከዲሴምበር እስከ ጁን ሙሉ በሙሉ እንዲታይ ነው። የታሪክ መግለጫው ሲዘጋጅ የዐረብኛው ጽሑፍ ከያፎ ዐረብ ነዋሪዎች ጋር፣ የአማርኛው ደግሞ ከአማርኛ ተናጋሪ መምህራን ጋር ተመክሮበት ይጻፍ፤ ከዕብራይስጥ ቃል በቃል የተገለበጠ አማርኛ በየቦታው እያየን ስለሆነ ይህን አጥብቄ እለምናለሁ። አማርኛውን ያለ ክፍያ ለማረምና በሥራው ለመተባበር ፈቃደኛ ነኝ።

አማርኛ አንባቢዎች ደግሞ በሐሳቡ የምትስማሙ ከሆነ ለማዘጋጃ ቤቱ በየስማችሁ ጻፉ። የማትስማሙም ምክንያታችሁን ጻፉ፤ በተለይ የሰዓት ጥገና ሙያ ያላችሁ ሰዎች እኔ ቀላል ነው ያልሁት ሥራ የት ላይ እንደሚከብድ ብትገልጹ ለክፍሉ ውሳኔ ይጠቅማል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በያፎ አማርኛ ተናጋሪዎችን የሚያስጐበኝ ነዋሪ